ጁባ ላይ ገንዘብ ከመትከል ቡሬ ላይ በቆሎ ማድረቅ፤ ስለ ደቡብ ሱዳን ገበያ የማብራሪያ ቪዲዮ ጽሑፍ

[ካርታ ይታያል። ከባህር ዳር ተነስቶ በቡሬ፣ በነቀምቴ፣ በመቱና በጋምቤላ አድርጎ ጁባ የሚደርስ መስመር ይሳባል።]

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ሞጣ፣ የትም ሆናችሁ ለምትከታተሉን ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ደቡብ ሱዳን ነው። «ጁባ ስንት ይዞ ቢገቡ ያዋጣል?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይመጣልኛል። «ሆቴል ይሻላል ወይስ የውሃ ቦቴ?» የሚልም አለ። ጠያቂዎቹ የዋሆች አይደሉም። ጁባ ሄዶ ያለፈለት ሰው ያውቃሉ። ከዚያ በተላከ ገንዘብ ቤት ሲሠራ፣ እህት ወንድም ሲማር አይተዋል። ባዶ እጁን የተመለሰው ግን ብዙም አይወራለትም። እሱም ራሱ አያወራም።

ሐሳቤን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ደቡብ ሱዳን ውስጥ ገበያ አለ፣ ያውም ትልቅ ገበያ። ለአብዛኞቻችን የሚያዋጣው ግን እዚያ ሄዶ ገንዘብ መትከል አይደለም። እዚሁ ሆኖ የሚበላ ነገር መሸጥ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ደረጃ በደረጃ ላስረዳ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

[የደቡብ ሱዳን ካርታ፤ ዓመቶቹ በየተራ ይወጣሉ።]

ደቡብ ሱዳን ነጻነቷን ያወጀችው በሐምሌ 2011 ነው። ሁለት ዓመት ተኩል እንኳ አልቆየችም። በታህሳስ 2013 የፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና የቀድሞ ምክትላቸው የሪክ ማቻር ጠብ ወደ ጦርነት ዞረ። በ2015 ታረቁ። በሐምሌ 2016 ጁባ መሀል ላይ ተኩስ ተከፈተና እርቁ ፈረሰ። በመስከረም 2018 እኛው አዲስ አበባ ላይ ሌላ የሰላም ስምምነት ፈረሙ። የጋራው የሽግግር መንግሥት በየካቲት 2020 ቆመ። ምርጫው ለታህሳስ 2024 ታስቦ ነበር፤ ወደ ታህሳስ 2026 ተገፋ። በመጋቢት 2025 ማቻር በቁም እስር ዋሉ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ደግሞ ከባድ ክስ ተመሠረተባቸው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ፖለቲካ ለማውራት አይደለም። «ሽግግር» የሚባለው ነገር እዚያ አገር ከአንድ ዓመት ወደ ሌላ ዓመት ሲገፋ የኖረ መሆኑን እንድታዩት ነው። ሱቅ ከፍቶ «ከምርጫው በኋላ ይረጋጋል» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ስንት ዓመት መጠበቅ እንደሚችል አስቀድሞ ይወቅ።

ኢኮኖሚው የቆመው በነዳጅ ነው። ከመንግሥት ገቢ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከድፍድፍ ነዳጅ ይመጣል። አገሪቱ እንደ እኛ ወደብ የላትም። ነዳጁ የሚወጣው በሱዳን ምድር በተዘረጋ ቧንቧ፣ እስከ ፖርት ሱዳን ተጉዞ ነው። በጥር 2012 በማስተላለፊያ ክፍያ ከካርቱም ጋር ተጣሉና ምርቱን ራሳቸው ዘጉት። ከአንድ ዓመት በላይ ተዘግቶ ቆየ። በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ፈነዳ። በየካቲት 2024 ዋናው ቧንቧ ተሰብሮ ፍሰቱ ለወራት ተቋረጠ።

ቧንቧ ቢሰበር ለጁባ ሱቅ ምኑ ነው ትሉ ይሆናል። ነዳጅ ሲቆም መንግሥት ዶላር ያጣል። ዶላር ሲያጣ ለወታደሩና ለመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ለወራት ሳይከፍል ይቀራል። ያ ሠራተኛ ነው እንግዲህ ከሱቃችሁ ዘይትና ስኳር የሚገዛው። መጀመሪያ በዱቤ ይወስዳል። ቀጥሎ መምጣቱን ይተዋል። ዕቃችሁ ደግሞ በዶላር ተገዝቶ የገባ ነው። ጣጣው በዚህ መንገድ ነው ከሰሜን ጦር ሜዳ ተነስቶ አንድ የኮንቴይነር ሱቅ ውስጥ የሚደርሰው።

[ወረቀትና እስክሪብቶ ይታያል፤ ቁጥሮቹ በእጅ ይጻፋሉ።]

አሁን አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። በ2015 ጁባ ውስጥ አንድ ነጋዴ 295,000 የደቡብ ሱዳን ፓውንድ አለው እንበል። ያኔ ይፋዊው ምንዛሪ አንድ ዶላር በ2.95 ፓውንድ ገደማ ነበር። በመንግሥት ሒሳብ ሰውየው 100,000 ዶላር አለው ማለት ነው። በታህሳስ 2015 መንግሥት ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። ዶላሩ በአንድ ጀምበር ወደ 18.5 ፓውንድ ገባ። የነጋዴው ገንዘብ ወደ 16,000 ዶላር ወረደ። እርግጥ ጥቁር ገበያው ቀድሞም እዚያው አካባቢ ነበር፤ ንቁ ነጋዴ ይህን ያውቅ ነበር። ግን በዚህ አላበቃም። በ2025 አንድ ዶላር በይፋዊው ምንዛሪ ከ4,000 ፓውንድ በላይ ይመነዘር ነበር። ያ 295,000 ፓውንድ ሳይነካ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ቢሆን 74 ዶላር አይሞላም።

ደግሜ ልበለው። 100,000 ዶላር የነበረው ገንዘብ 74 ዶላር እንኳ አይሞላም። የእኛ ብር በ2024 ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ያኔ ሁላችንም ምን ያህል እንደደነገጥን ታስታውሳላችሁ። የእነሱ ከሺህ ጊዜ በላይ ነው የዘለለው።

ስለዚህ ጁባ ውስጥ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ስንት አተርፋለሁ?» ብሎ አይደለም። «ገንዘቤ በስንት ቀን ወደ እጄ ይመለሳል?» ብሎ ነው። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጁባ ላይ በውሃ ቦቴ ሥራ ተሰማርተው የቆዩት ያለ ምክንያት አይደለም። የከተማዋ የቧንቧ ውሃ ለሕዝቡ አይዳረስም። ከነጭ ዓባይ ወንዝ ውሃ ተቀድቶ በቦቴ በየሰፈሩ ይዞራል። ጠዋት የተቀዳው ውሃ ከሰዓት በፊት ተሽጧል። ገንዘቡ ሳይረክስ ነዳጅ ይገዛበታል፣ የተረፈው ወደ ዶላር ይመነዘራል። ነገሩ ከባሰም ቦቴው ጎማ አለው፤ ሞተር አስነስቶ መሄድ ይቻላል።

ሆቴል ግን ጎማ የለውም። መሬቱ የእናንተ አይደለም፤ የውጭ ዜጋ መሬት በሊዝ ይይዛል እንጂ ባለቤት አይሆንም። ጄኔሬተሩ፣ አልጋው፣ ፍሪጁ በዶላር ተገዝቶ ገብቷል። እንግዳው እስኪለምድ ወራት ይፈጃል። ግንባታው አልቆ ሥራው ሲደራ የቦታው ባለቤት «ኪራይ ጨምር፣ አለበለዚያ ልቀቅ» ቢል ግድግዳውን ተሸክማችሁ አትሄዱም። ደግሞም አከራዩ ከበድ ያለ ሰው ከሆነ ፍርድ ቤት ሄዶ መርታት ዘበት ነው። ስንት የሀገራችን ልጅ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን እንዲህ ግድግዳ አድርጎት እንደቀረ ሳስብ አንጀቴ ይቆስላል።

ሕጉም የሚገመት አይደለም። የ2009 የኢንቨስትመንት ሕጋቸው አንዳንድ አነስተኛ የሥራ መስኮችን ለዜጎቻቸው ይጠብቃል። ይህ መብታቸው ነው፣ የእኛም ሕግ እንዲሁ ነው። የሚያስቸግረው በድንገት የሚወጣው ትእዛዝ ነው። በመስከረም 2014 የሥራ ሚኒስቴራቸው ሆቴሎችን ጨምሮ ብዙ ድርጅቶች የውጭ ሠራተኞቻቸውን በአንድ ወር ውስጥ አሰናብተው በዜጎች እንዲተኩ አዘዘ። ጫጫታው ሲበዛ አለሳለሱት። በ2017 ደግሞ የባለሙያ የሥራ ፈቃድ ክፍያ በአንዴ ወደ 10,000 ዶላር ከፍ እንደሚል ተነገረ። ያም አስደንግጦ ወደ ኋላ ተጎተተ። ትእዛዙ ተፈጻሚ ሆነም አልሆነ፣ በዚያ መሀል ስንቱ ዕቃውን በርካሽ ሸጦ እንደወጣ አስቡት።

ስለ ደህንነት ብዙ ማለት አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ። በጥር 2025 ሱዳን ውስጥ፣ ጀዚራ ክልል፣ የደቡብ ሱዳን ሰዎች ተገደሉ የሚል ዜናና ምስል ተሰራጨ። ጁባና ሌሎች ከተሞች ላይ የተቆጡ ወጣቶች የሱዳናውያንን ሱቆች ዘረፉ፤ ሰዎችም ተገደሉ። የተዘረፉት ነጋዴዎች በጀዚራው ግድያ እጃቸው የለበትም። የውጭ ሰው ሱቅ ግን ምን ጊዜም ለእንዲህ ያለው ቀን ቅርብ ነው።

[ትንሽ ፋታ። ተራኪው በቀጥታ ወደ ካሜራ ይናገራል።]

ወጣቶች፣ ይህቺን ለእናንተ ነው የምለው። «ጋምቤላ ድረስ ብቻ ና፣ ከዚያ እኔ አሻግርሃለሁ» የሚል ደላላ ኢንቨስትመንት አይደለም የሚሸጥላችሁ። በሬ ሸጦ፣ መሬት አከራይቶ ለደላላ መስጠት እዳን ከቤተሰብ ጋር መካፈል ነው። ሌላም አለ። ካፒታል ከኢትዮጵያ ማውጣት በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ያለ ጉዳይ ነው። ዶላር ከጥቁር ገበያ ገዝቶ በጉያው ይዞ የሚሻገር ሰው እዚህ ቢያዝ ይወረሳል፣ እዚያ ቢዘረፍ የሚከስበት ቦታ የለውም።

[የኒሙሌ መንገድ በካርታ ላይ ይደምቃል።]

እሺ፣ ታዲያ ገበያው የት ነው? ገበያው ሆድ ነው። ደቡብ ሱዳን ሰፊ ለም መሬት አላት፤ የሚታረሰው ግን ከ5 በመቶ ያነሰ ነው። በጦርነት፣ በጎርፍና በመፈናቀል ገበሬው ከእርሻው ተነቅሏል። ስለዚህ በቆሎው፣ ዱቄቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ባቄላው ከውጭ ይገባል። አብዛኛውን የምታስገባው ዩጋንዳ ናት። ከጁባ እስከ ድንበር ከተማው ኒሙሌ 192 ኪሎ ሜትር መንገድ በ2012 አስፋልት ሆነ፤ የጁባ ምግብ ሁሉ በዚያ መስመር ይገባል ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ደቡብ ሱዳን በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብን ተቀላቅላለች። ዩጋንዳና ኬንያ አባል ናቸው። እኛ አይደለንም። ስለዚህ በቀረጥም በመንገድም ይበልጡናል።

ይህን ሳልነግራችሁ «ገበያው ክፍት ነው፣ ግቡ» ብል ማታለል ይሆንብኛል። እኛ ያለን መንገድ በጋምቤላ በኩል ነው። ከቡሬ ዓባይን ተሻግሮ ነቀምቴ፣ ከዚያ በደሌ፣ መቱ፣ ጋምቤላ። ከድንበሩ ማዶ ክረምት ሲገባ ጭቃው መኪና አያሳልፍም። ከድንበር ከተማው ከፓጋግ ወደ ነዳጁ አካባቢ ወደ ፓሎች የሚዘልቅ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ እንዲሠራ ኢትዮጵያ 738 ሚሊዮን ዶላር ልታበድር፣ እነሱም በድፍድፍ ነዳጅ ሊከፍሉ ተፈራርመዋል። መንገዱ ሲያልቅ ሒሳቡ ይለወጣል። እስከዚያው ግን ወረቀት ላይ ባለ መንገድ ዕቃ አይጫንም። የራሳችንም መንገድ አለ። ጎጃም ውስጥ ከ2023 ጀምሮ ባለው ግጭት መኪና የሚቆምበትን ቀን ማንም አስቀድሞ አያውቅም። የትራንስፖርት ዋጋ ስትሠሩ ይህን ሳታስገቡ አትደምሩ።

ዩጋንዳዎች የተደናቀፉበት አንድ ቦታ ግን አለ። የምፈልገው እሱን እንድታዩት ነው።

በ2023 የደቡብ ሱዳን ባለሥልጣናት ከዩጋንዳ የገባ በቆሎና የበቆሎ ዱቄት በድንበር ላይ ያዙ። የጭነት መኪኖች ተሰልፈው ቆሙ። ምክንያቱ አፍላቶክሲን ነው። ከዚያ ቀደም በ2021 ኬንያም በዚሁ ምክንያት የዩጋንዳንና የታንዛኒያን በቆሎ ለጥቂት ቀናት አግዳ ነበር።

አፍላቶክሲን እህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ነው። ጉበት ይጎዳል። ካንሰር ያመጣል። ታጥቦ አይጠራም፣ ተቀቅሎም አይጠፋም። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ደረጃ በቆሎ ላይ የሚፈቅደው ከቢሊዮን 10 እጅ ብቻ ነው። ይህን በእኛ መለኪያ ላስቀምጠው። 1,000 ኩንታል በቆሎ ውስጥ ያለው መርዝ በድምሩ ከ1 ግራም ካለፈ ጭነቱ ወድቋል። እርጥበቱ ደግሞ ከ13.5 በመቶ መብለጥ የለበትም።

[አንድ ደረቅ ጠርሙስ፣ ጨውና የበቆሎ ፍሬ ጠረጴዛ ላይ።]

ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ነው። ሜጫ፣ ቡሬ፣ ወንበርማ፣ ጃቢ ጠህናን፤ ማን ይነግራችኋል። እኛ የሚያቅተን ማምረቱ ሳይሆን ማድረቁ ነው። በቆሎው ሳይደርቅ ይቆረጣል፣ እርጥብ መሬት ላይ ይከመራል፣ በፕላስቲክ ጆንያ ታጭቆ ጎተራ ይገባል። ነጋዴው ደግሞ ሲመዘን ስለሚከብድለት እርጥቡን በቆሎ አይጠላውም። ሻጋታው ሥራውን የሚጀምረው እዚያ ነው።

የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ገበሬ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ደረቅ ጠርሙስ ውሰዱ። እስከ ሲሶው በቆሎ ጨምሩ። ሁለት ሦስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሩበት። ክደኑና ለአንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ናጡት። ከዚያ ሩብ ሰዓት አስቀምጡት። ጨው የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው፤ ወደ ፀሐይ መልሱት። ጨው ካልተጣበቀ ከ15 በታች ወርዷል። ይህ ለራስ ቤት ይበቃል፣ ለድንበር ግን አይበቃም። 13.5 ላይ ለመድረስ ተጨማሪ የፀሐይ ቀናት ስጡት፤ ያውም ሸራ ላይ እንጂ አፈር ላይ አይሁን። ከዚያ በኋላ አየር በማያስገባው በፒክስ ከረጢት ቢቀመጥ ነቀዝም አይደርስበት።

እኔ ኢንቨስትመንት የምለው ይህንን ነው። ጁባ ላይ ጄኔሬተር የሚገዛበት ገንዘብ ቡሬ ወይም መርዓዊ ላይ ሸራ፣ መፈልፈያ ማሽን፣ የእርጥበት መለኪያና መጋዘን ይሆናል። ደቡብ ሱዳን ነገ ቢዘጋ በቆሎው አዲስ አበባ ይሸጣል። ለዶሮ መኖ ይሸጣል። ንብረቱ እዚሁ ነው፣ ማንም አይነቅለውም።

ጤፍን በተመለከተ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጁባ ውስጥ ያሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች እንጀራ ይፈልጋሉና። ጤፍ በጥሬው ወደ ውጭ እንዳይላክ ከ2006 ጀምሮ ሲከለከል የኖረ ምርት ነው። የተጋገረ እንጀራ ግን በአውሮፕላን ይላካል። ለእንጀራ ጋጋሪ ጥሩ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ መጠኑ ግን ትንሽ ስለሆነ ገበሬውን በሰፊው አያነሳም።

አሁን ወደ ገዢው ልምጣ። ለጁባ ነጋዴ በዱቤ አትሽጡ። ማንም ቢሆን፣ የሀገር ልጅም ቢሆን። ፓውንዱ ሲወድቅ ባለዕዳው ቢፈልግ እንኳ መክፈል አይችልም። በቅድሚያ በባንክ የሚከፈል ዶላር፣ ወይም በኤልሲ፣ ማለትም የገዢው ባንክ ክፍያውን በሚያረጋግጥበት ሰነድ ይሁን። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጁባ ውስጥ ስለሚሠራ መስመሩ አለ።

ከነጋዴው የሚሻለው ገዢ ግን ሌላ ነው። ወደ ደቡብ ሱዳን ከሚገባው እህል ከፊሉ በዕርዳታ መልክ ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በጋምቤላ በኩል እህል ያስገባል። ከኢትዮጵያ የገበሬ ዩኒየኖችም በቆሎ በኮንትራት የገዛበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ገዢ ሲመጣ የፓውንዱ ውድቀትና የድንበሩ ጣጣ የእሱ ነው፤ እናንተ መጋዘን ላይ ታስረክባላችሁ። በ2025 የአሜሪካ ዕርዳታ በመቆረጡ የሚገዛው መጠን መቀነሱን ግን ማወቅ አለባችሁ። ለዚህ ነው የአንድ ገዢ ተስፋ ብቻ ይዛችሁ መጋዘን አትሙሉ የምለው።

አንድ ገበሬ 20 ኩንታል ይዞ እዚህ ገበያ ውስጥ አይገባም። ባህር ዳር ላይ መርከብ ዩኒየን አለ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ዳሞት፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ጎዛምን። የመሠረታዊ ማኅበር አባል የሆናችሁ በቀጣዩ ስብሰባ ላይ ተነስታችሁ ጠይቁ። ዩኒየናችን የአፍላቶክሲን ምርመራ የት ያስመረምራል? ለደረቀና ለተበጠረ በቆሎ በኩንታል ስንት ይጨምርልናል? ጭማሪ ከሌለ ማንም ገበሬ ተጨማሪ ሳምንት ፀሐይ ላይ አያሰጣም፤ እውነቱ ይህ ነው። ኮንትራት ሲመጣም የሚፈቀደው እርጥበት፣ ምርመራው የሚደረግበት ቦታና ጭነቱ ቢወድቅ የመልስ ትራንስፖርቱን የሚከፍለው ወገን በግልጽ ካልተጻፈ ሰብሳቢያችሁ እንዳይፈርም አድርጉ።